ካልጋሪ ሲገቡ ምን ይቅደም? የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ በቅደም ተከተል

ካልጋሪ የገባ ሰው በመጀመሪያው ወር የሚያወጣቸው ወረቀቶች አንዱ የሌላው ቁልፍ ነው። የጤና ካርድ ለማውጣት አልበርታ ውስጥ መኖርዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራይ ውል ወይም ከባንክ የተሰጠ ወረቀት ነው። ቤት ለመከራየት ደግሞ አከራዩ ገቢዎን ወይም የባንክ ሒሳብዎን ማየት ይፈልጋል፤ ደመወዝ ለመቀበል ሲን ነምበር (ለሥራና ለግብር የሚያገለግል የመንግሥት መለያ ቁጥር) ያስፈልጋል። ተራውን ያልጠበቀ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ወሩ ያልቅበታል። ይህ መመሪያ በዋናነት በፒአር (በቋሚ ነዋሪነት) ለሚገቡ ቢሆንም በሥራ ወይም በትምህርት ፈቃድ ለመጡም አብዛኛው ይሠራል፤ ልዩነት ያለበት ቦታ ተጠቁሟል።

ከሁሉ በፊት፦ ስምና የልደት ቀን

እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ የካናዳ ፎርም ግን ሁሉ "ላስት ኔም" ይጠይቃል። በፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እዚያ ቦታ ስለሚገባ ባልና ሚስት ቀርቶ አባትና ልጅ እንኳ የተለያየ ላስት ኔም ይዘው ይገባሉ። ይህ በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ቢሮ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ሲያስመዘግቡ፣ ወይም "ፀሐይ" የሚለውን ስም አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲሞሉ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥርዎታል፣ መንግሥት ለልጆች የሚከፍለው ገንዘብም ለወራት ይዘገያል።

ስለዚህ በላንዲንግ ወረቀትዎ (የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫዎ) ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል በየቦታው ይጠቀሙ። የልደት ቀንም እንዲሁ፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እንጂ በእኛ አቆጣጠር የሚያስታውሱት ቀን አይጻፍ። ወረቀቱ ላይ ስሕተት ካለ ወደ ሌላ ሰነድ ከመገልበጡ በፊት በኢሚግሬሽን በኩል ያስተካክሉት፤ ስሕተቱ አምስት ካርድ ላይ ከተባዛ በኋላ ማረም እጅግ አድካሚ ነው። የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት በተረጋገጠ ተርጓሚ ተተርጉሞ በእጅ ይኑር። ላስት ኔማችሁ ስለሚለያይ ቤተሰብ መሆናችሁን የሚያስረዳው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ስልክ ይቅደም። ገና ክሬዲት (የዕዳ አከፋፈል ታሪክ) ስለሌለዎት ውል የማይጠይቀውን፣ ቀድሞ የሚከፈልበትን ሲም ካርድ ይውሰዱ። ባንኩም መንግሥትም የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት በዚያ ቁጥር ስለሆነ ርካሽ ፕላን በመጣ ቁጥር ቁጥር አይቀያይሩ፤ ኩባንያ ሲቀይሩም ቁጥሩን ይዘው መሄድ ይቻላል።

ቀጥሎ ሰርቪስ ካናዳ ወደተባለው የፌዴራል መንግሥት ቢሮ ሄደው ባለ 9 አሃዙን ሲን ነምበር ያውጡ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ "ላውጣልህ" ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይክፈሉ። ላንዲንግ ወረቀቱን ወይም ፒአር ካርዱን ከፓስፖርት ጋር ይዘው ከቀረቡ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን በዚያው ዕለት በወረቀት ይሰጡዎታል። በጊዜያዊ ፈቃድ ለመጣ ሰው ቁጥሩ በ9 ይጀምራል፣ ፈቃዱ ሲያልቅም አብሮ ያልቃል። ፈቃድ ያሳደሰ ሰው ሲኑንም ማሳደስ አለበት፤ ብዙዎች ይህን ይረሱና ደመወዝ ክፍል ሲጠራቸው ይደነግጣሉ። ቁጥሩን ለአሠሪ፣ ለባንክና ለመንግሥት ይስጡ፤ ለአከራይ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም።

ባንክ ሥራም ሆነ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ባይኖርዎት እንኳ ሒሳብ ይከፍትልዎታል፤ ይህ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። ትልልቆቹ ባንኮች ለአዲስ ገቢ ለተወሰነ ጊዜ የወር ክፍያ ይተዋሉ። ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን ጠይቀው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፣ ካለቀ በኋላ ሳይነግሩዎት መቁረጥ ይጀምራልና። ከባንኩ ሳይወጡ ሦስት ነገር ይቀበሉ፦ ዴቢት ካርድ፣ ለደመወዝ የሚሆን የዳይሬክት ዲፖዚት ቅጽ (ባለ 3 አሃዝ የባንኩ ቁጥር፣ ባለ 5 አሃዝ የቅርንጫፉ ቁጥርና የሒሳብ ቁጥርዎ ያለበት) እና ስምና አድራሻዎ የታተመበት ወረቀት። ሦስተኛውን ለጤና ካርዱ ይፈልጉታል።

ፒአር ካርድ በፖስታ ነው የሚመጣው፤ የካናዳ አድራሻዎን ለኢሚግሬሽን በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብዎት። ዘመድ ቤት አርፈው ያን አድራሻ ከሰጡና በኋላ ከለቀቁ፣ አድራሻውን ይቀይሩ። ቤዝመንት (ምድር ቤት) የሚከራዩ ከሆነም ፖስታው ከላይኛው ቤት ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚገባ የሳጥኑን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ በመጀመሪያው ቀን ይስማሙ።

ቤት መከራየት

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ይበሉ። በአልበርታ ሕግ ዲፖዚት (አከራዩ የሚይዘው መያዣ ገንዘብ) ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። "ለአዲስ ገቢ ሁለት ወር ነው" የሚል አከራይ ሕግ እየጣሰ ነው። የኪራይ ጭማሪ በመጠን ጣሪያ የለውም፣ ግን በ365 ቀን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይቻልም፤ ወር በወር ለሚከራይ ሰው ደግሞ ቢያንስ የ3 ወር ማስታወቂያ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።

ቁልፍ ከመቀበልዎ አንድ ሳምንት በፊት ወይም ከተቀበሉ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ከአከራዩ ጋር ቤቱን ዞራችሁ የምርመራ ሪፖርት መሙላትና መፈረም አለባችሁ። ይህ ሪፖርት ከሌለ አከራዩ ሲወጡ "ቤቱን አበላሽተሃል" ብሎ ከዲፖዚቱ መቁረጥ አይችልም። ካለ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ያልተጻፈ ጭረት ሁሉ የእርስዎ ይሆናል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ግድግዳ፣ የምንጣፉን፣ የኦቨኑን ውስጥ፣ የመስኮቱን መዝጊያና ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቦታ ፎቶ ያንሱና ለራስዎ ኢሜይል ያድርጉት፤ ቀኑ እዚያ ይመዘገባል። ሲለቁ ዲፖዚቱ ወይም የተቆረጠው ዝርዝር በ10 ቀን ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል። ካልደረሰ ጉዳዩን የአልበርታ የአከራይና ተከራይ ክርክር ሰሚ አገልግሎት ያየዋል፤ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይቀላል።

ቤዝመንት ርካሽ በመሆኑ የአዲስ ገቢ የመጀመሪያ ቤት ይሆናል። ከመፈረምዎ በፊት አድራሻውን በከተማው የተመዘገቡ ቤዝመንቶች ዝርዝር ላይ ይፈልጉት፤ ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው። መኝታ ክፍሉ እሳት ቢነሳ ሰው ሊወጣበት የሚችል፣ ከውስጥ የሚከፈት መስኮት ሊኖረው ይገባል። መስኮቱ እንደ ጫማ ሳጥን ከጠበበ ቤቱ የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ማሞቂያው የሚስተካከለው ከላይ ነው ከታች? ይህን ጠይቆ የገባ ሰው ጃንዋሪ ላይ በብርድ አይንገበገብም። ጋዝ፣ መብራትና ውሃ ስንት እጅ እንደሚከፍሉም በቃል ሳይሆን በውሉ ይጻፍ። "ከቢሉ 40 በመቶ" የሚል ካለ የክረምቱን፣ ማለትም የጃንዋሪን ቢል ያሳዩኝ ይበሉ፤ የጁላይ ቢል አያስረዳም።

ቤቱን ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ። ዋጋው ከሰፈሩ ወረድ ያለ፣ ባለቤቱ "ከአገር ውጭ ነኝ" የሚል፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ የሚል ማስታወቂያ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው፤ በኢ-ትራንስፈር (ከባንክ በኢሜይል ወይም በስልክ ቁጥር በሚላክ) የገባ ገንዘብ አይመለስም። በር አንኳኩቶ የመብራት ወይም የጋዝ ውል ሊያስፈርምዎ የሚመጣም ሰው ካለ በሩን ይዝጉ፤ በአልበርታ እንዲህ ያለ ሽያጭ ከ2017 ጀምሮ ክልክል ነው።

የጤና ካርድ

የአልበርታ የጤና መድን ማመልከቻ የሚገባው በየሰፈሩ ባሉ ሬጂስትሪ (የመንግሥት ሰነድ በሚያወጡ) ቢሮዎች ነው። ማንነትዎን፣ በሕጋዊ መንገድ መግባትዎንና አልበርታ መኖርዎን የሚያሳዩ ሦስት ማስረጃዎች ይያዙ። ከውጭ አገር በቀጥታ የገባ ሰው በ3 ወር ውስጥ ካመለከተ ሽፋኑ ከገባበት ቀን ይቆጠራል። ከቶሮንቶ ወይም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ግን ሽፋኑ የሚጀምርለት በሦስተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው፤ እስከዚያ በቀድሞ ካርዱ ይታከማል፣ ስለዚህ የኦንታሪዮ ካርድዎን አይጣሉ። የጥገኝነት ጥያቄ ያቀረቡ ሰዎች በፌዴራሉ ጊዜያዊ የጤና ፕሮግራም ይሸፈናሉ።

ካርዱ ሐኪምና ሆስፒታል ይከፍላል። የታዘዘ መድኃኒት፣ የአዋቂ ጥርስና መነጽር፣ አምቡላንስም አይከፍልም። አምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ከወሰደዎ ቢሉ 385 ዶላር ነው። ይህን ፈርቶ ግን የደረት ሕመም ወይም የስትሮክ ምልክት ያለበትን ሰው በታክሲ መውሰድ አይገባም፤ ቢሉ በየወሩ ሊከፈል ይችላል። ቀለል ላለ ጉዳይ በማንኛውም ሰዓት 811 ይደውሉ፤ ነርስ ታናግርዎታለች፣ በእንግሊዝኛ "አምሃሪክ" ብለው አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

በአስተርጓሚ ቀጠሮ ሲይዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ሰዓት። አስተርጓሚው "2 ሰዓት" ሲልዎ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ከጠዋቱ 8 እና ከሰዓት በኋላ 2 መካከል 6 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ያመለጠ የስፔሻሊስት ቀጠሮ ደግሞ ለወራት ወረፋ ይመልስዎታል። "ፀሐይ ስትወጣ ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?" ብለው ያረጋግጡ።

ልጆች

ካልጋሪ ሁለት ትልልቅ በመንግሥት የሚደገፉ የትምህርት ሥርዓቶች አሏት፦ የካልጋሪ ቦርድ ኦፍ ኤዱኬሽንና የካቶሊኩ ዲስትሪክት። ልጁ የሚመደበው በመኖሪያ አድራሻ ስለሆነ ቤት ከመከራየትዎ በፊት አድራሻው የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይመልከቱ። በዓመቱ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 5 ዓመት የሚሞላው ኪንደርጋርተን፣ 6 የሚሞላው አንደኛ ክፍል ይገባል። ክፍሉ የሚወሰነው በዕድሜ ነው፤ "እንግሊዝኛው እስኪጠነክር አንድ ክፍል ዝቅ በሉለት" ማለት ብዙውን ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም፣ የቋንቋ ድጋፍ በዚያው ክፍል ይሰጠዋል። የክትባት ካርዱን ከአገር ቤት ይዘው ይምጡ።

የልጆች ገንዘብ፣ ካናዳ ቻይልድ ቤኔፊት፣ ግብር እስኪደርስ አይጠብቅም። አርሲ 66 የተባለውን ቅጽና ለአዲስ ገቢ የተዘጋጀውን አባሪውን እንደገቡ ይላኩ፤ አባሪው ከመምጣትዎ በፊት በውጭ የነበረውን ገቢ ይጠይቃል። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ይጻፉ እንጂ ባዶ አይተዉ። ልጅ የሌለው ሰው ለራሱ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት አርሲ 151 የተባለውን ቅጽ ይሞላል።

መኪና ውስጥ ከ6 ዓመት በታች የሆነና ክብደቱ ከ18 ኪሎ የማይበልጥ ልጅ በልጅ መቀመጫ መታሰር አለበት። ዘመድ ኤርፖርት ሊቀበል ሲመጣም ሕጉ ያው ነው፤ መቀመጫው አስቀድሞ ይታሰብበት።

ከተማውን ማንበብ

ካልጋሪ በአራት ማዕዘን የተከፈለች ናት፦ ኖርዝ ዌስት፣ ኖርዝ ኢስት፣ ሳውዝ ዌስት፣ ሳውዝ ኢስት። ስትሪት ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አቬኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የሐበሻ ምግብ ቤት የሚገኝበት 17 አቬኑ ሳውዝ ኢስት፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚባለው፣ እና መሀል ከተማ አጠገብ ያለው 17 አቬኑ ሳውዝ ዌስት ሌላና ሌላ ናቸው፤ አድራሻ ሲቀበሉ መጨረሻው ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት ካልጻፉ በዊንተር ተሳስቶ መውረድ ያስቀጣል። የቤቱ ቁጥርም ይናገራል፦ በአቬኑ ላይ 3612 የሚል ቤት 36ኛ ስትሪት አጠገብ ነው።

ሲትሬን የተባለው የከተማው ባቡር ሁለት መስመር አለው። ቀዩ ከተስካኒ እስከ ሶመርሴት፣ ሰማያዊው ከ69 ስትሪት እስከ ሳድልታውን ይሄዳል። ብዙ የእኛ ሰው የሚኖርበት ኖርዝ ኢስት በሰማያዊው ላይ ነው። መሀል ከተማ 7ኛ አቬኑ ላይ ያሉት ጣቢያዎች ነፃ ናቸው፤ ከዚያ ወጥተው አንድ ጣቢያ እንኳ ከሄዱ ቲኬት ያስፈልጋል። ጣቢያው መዝጊያ በር ስለሌለው ነፃ ይመስላል፤ ተቆጣጣሪ ሲያገኝዎ ቅጣቱ ከወር ፓስ ዋጋ ይበልጣል። ቲኬቱ ለ90 ደቂቃ ይሠራል። በስልክ የገዛ ሰው ከመሳፈሩ በፊት "አክቲቬት" ማድረግ አለበት፤ ተገዝቶ ያልተከፈተ ቲኬት እንደሌለ ይቆጠራል። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ፌር ኤንትሪ የተባለውን የከተማውን ማመልከቻ ይሙሉ፤ በአንድ ማመልከቻ የትራንስፖርትም የመዋኛና ስፖርት ቦታም ቅናሽ ይገኛል። የላይብረሪ ካርድ ለሁሉም ነፃ ነው።

ዊንተር

መጀመሪያ የሚገዛው ጫማ ነው፣ ቀጥሎ ጃኬት። ጫማው በወፍራም ካልሲ ጣት የሚያንቀሳቅሱበት ስፋት ይኑረው፤ የጠበበ ጫማ ደም ስለሚገታ ውድ ቢሆንም እግር ያቀዘቅዛል። ከሥር የሚለበሰው ጥጥ አይሁን፣ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል። በላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጣቶች አብረው የሚገቡበት ጓንት ጣት ከሚለያየው የበለጠ ይሞቃል። የንፋሱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሲደርስ የተገለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የልጅ ጆሮና ጉንጭ አይገለጥ።

ካልጋሪን ከሌሎቹ የሚለያት ከተራሮቹ የሚነፍሰው ቺኑክ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሙቀቱን ከ20 ዲግሪ በላይ ሊያነሳ ይችላል። የቀለጠው በረዶ ማታ ተመልሶ መስተዋት ይሆናልና የሚያዳልጠው ብዙውን ጊዜ ከሞቃት ቀን ማግስት ነው። በረዶ ከቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤቱ ፊት ያለው እግረኛ መንገድ መጠረግ አለበት፤ የማን ሥራ እንደሆነ ውልዎ ላይ ይመልከቱ።

ኩሽና፣ ከሰልና ጭስ

ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አይቀጣጠል፤ ለቡናም ለዕጣንም። የካናዳ ቤት ብርድ እንዳይገባ ተጠርቅሞ የተሠራ ነው፣ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኙትን ሳያነቃ ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቁሉ፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ ይክፈቱ፣ መስኮት ገርበብ ያድርጉ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ በፎጣ ያራግቡለት እንጂ ባትሪውን አያውጡ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአገር ቤት አይጫኑ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ሲሆን የካናዳ የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ ባለ 15 አምፔር መስመር ደግሞ ከ1,800 ዋት በላይ አይሸከምም። ምጣዱ ወይ አይሞቅም ወይ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ከምድጃው ሶኬት ጋር ሲያገናኘው እሳት ያስነሳል። የስልክ ቻርጀር ግን 100–240 ካለ ይሠራል። ሊጡ አልቦካ ካለ ጥፋቱ የጤፉ አይደለም፣ ቤቱ ቀዝቅዞ ነው። ኦቨኑን ሳያበሩ መብራቱን ብቻ አብርተው ሊጡን ውስጡ ያሳድሩ፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያቀጣጥለው በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፉ።

ሥራና መንጃ ፈቃድ

የአልበርታ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ነው። በቀን ከ8 ወይም በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ የሠራ በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ዲግሪ ያለዎት ከሆነ አይኳስ የሚባለው የአልበርታ መሥሪያ ቤት የውጭ ትምህርትን ይገመግማል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ሌላ ሥራ እየሠሩ ያስጀምሩት።

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በቀጥታ አይለወጥም፤ አልበርታ ሲኖሩ በ90 ቀን ውስጥ የአልበርታውን ለማውጣት መጀመር አለብዎት። የጽሑፍ ፈተናው 30 ጥያቄ ነው፣ ለማለፍ 25 መመለስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የመንገድ ፈተና ይከተላል። የቀድሞ ልምድዎ እንዲቆጠር መንጃ ፈቃዱን አስተርጉመው፣ ከሰጠው መሥሪያ ቤትም የማረጋገጫ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ። ደብዳቤውን ከዚህ ሆኖ ማስመጣት ወራት ይፈጃልና ሳይነሱ ያውጡት።

ክሬዲትና ግብር

የክሬዲት ነጥብ ከ300 እስከ 900 ነው። አንድ ካርድ ይያዙ፣ ከተፈቀደው ከ30 በመቶ በታች ይጠቀሙ፣ ቢሉ በመጣ ቁጥር ሙሉውን ይክፈሉ። ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ወለዱ 20 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ዕዳው አይንቀሳቀስም። ዕቁብ ገንዘብ ይሰበስብልዎታል፣ ነጥብ ግን አይሠራም።

ለመኪና ብድር "ዋስ ሁነኝ" የሚል ወዳጅ ይመጣል። እዚህ ኮ-ሳይን ማድረግ በእኛ ልማድ ሰውን ማስተማመን ብቻ አይደለም፤ ዕዳው በሙሉ በስምዎ ይመዘገባል፣ እሱ አንድ ወር ቢያዘገይ የሚወድቀው የእርስዎም ነጥብ ነው። ራስዎ መክፈል የማይችሉትን አይፈርሙ።

የግብር ቀነ ገደብ ኤፕሪል 30፣ በእኛ ሚያዝያ 22 ነው። ገቢ ባይኖርዎትም ያስገቡ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ካላስገቡ የልጆች ገንዘብ በጁላይ ይቆማል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች በኮሚዩኒቲ ማዕከላት በነፃ የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ ካናዳ የገቡበትን ቀን ይጠይቃል፤ ከላንዲንግ ወረቀቱ ላይ እያዩ ይጻፉት።